የአውራ ዝይ አባለዘር፦ ከፍሪጅ እስከ ናይትሮጅን፣ የአንድ ወቅት የሥራ ማስታወሻ

ጥር መጨረሻ

ሴቶቹ ዝይዎች እንቁላል ሊጀምሩ ገና ሳምንታት ይቀራቸዋል። ሥራው ግን ከአሁኑ ነው የሚጀመረው። ዘንድሮ የያዝኩት ነገር ይሄ ነው፦ የአውራ ዝይ አባለዘር (የወንዱን ዘር ፈሳሽ) መሰብሰብ፣ መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ለሰዓታት ማቆየት፣ ቀጥሎ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማስቀመጥ፣ በሁሉም ሴቶቹን እያዳቀልኩ የትኛው ጫጩት እንደሚሰጥ ማየት። እየሠራሁ እዚህ እጽፋለሁ።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ከከተማ ወጣ ያለች ትንሽ ማሳ አለችን። የማረባቸው ፒልግሪም የሚባሉትን የቤት ዝይዎች ነው። ዘሩ በአሜሪካ የዶሮ እርባታ ማኅበር መዝገብ የገባው በ1939 ነው። ዛሬ ላይቭስቶክ ኮንሰርቫንሲ የሚባለው ድርጅት እንዳይጠፉ ከሚከታተላቸው የቤት እንስሳት ዝርዝር ውስጥ አለ። ወንዱ ነጭ ነው፣ ሴቷ ግራጫ። ጫጩቱ ከእንቁላሉ በወጣበት ቀን እንኳ ወንድና ሴቱ በቀለሙ ይለያል። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለምን አሁን? በወፍ ጉንፋን ምክንያት። በ2022 መጀመሪያ ኤች5ኤን1 የሚባለው ቫይረሱ ኢንዲያና ውስጥ አንድ የተርኪ (የዶሮ ዓይነት ትልቅ ወፍ) እርባታ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ አገሩን አዳርሷል። በሽታው አንድ ግቢ ከተገኘ የታመመውም ያልታመመውም በሙሉ ይወገዳል። የኛ ማሳ ላይ ደግሞ በየብርዱ ወራት ከሰሜን የሚመጡ የካናዳ ዝይዎች ይወርዳሉ። አጥር ይሠራል፣ መረብ ይዘረጋል፣ የውሃ ገንዳ ይከደናል። ይሄ ሁሉ ተደርጎም አንድ መንጋ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ዘሩን ከግቢ ውጭ የሚያቆይ ነገር ያስፈልገኛል።

የእጅ ልምዴ ከላም ነው። አገር ቤት አዳቃይ ነበርኩ፤ ቃሊቲ ካለው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የሚመጣውን የኮርማ አባለዘር በናይትሮጅን ታንክ ይዤ ከመንደር መንደር እዞር ነበር። ስትሮ (አባለዘር የሚሞላበት ቀጭን ቱቦ)፣ ጋን፣ ናይትሮጅን አዲስ አይደሉብኝም። ወፍ ግን ሌላ ዓለም ነው።

የካቲት መጀመሪያ፣ ማልመድ

ሁለት ሰው ይፈልጋል። ባለቤቴ አጠር ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አውራውን ጭኗ ላይ ታስተኛዋለች፣ አንገቱ በብብቷ ሥር ወደ ኋላ፣ ጭራው ወደኔ። እኔ በቀኝ እጄ ከክንፉ ሥር እስከ ጭራው ድረስ ጀርባውን ጠበቅ አድርጌ አሻለሁ፣ በግራዬ ደግሞ ከሆዱ በታች። ይህ ዘዴ ለዶሮና ለተርኪ በ1930ዎቹ ቡሮውስና ኩዊን በተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የተጻፈ ነው፤ ለዝይም ከትንሽ ለውጥ ጋር ይሠራል።

ለውጡ የሚመጣው ከአካሉ ነው። አብዛኞቹ ወፎች፣ አውራ ዶሮም ጭምር፣ ወደ ሴቷ የሚገባ ብልት የላቸውም። ዳክዬ፣ ዝይና ስዋን ግን አላቸው። ሲታሽ ብልቱ ይወጣል፣ ፈሳሹም ውጪውን ባለው ቦይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ጽዋውን እዚያ ሥር መያዝ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ነጣ ያለ፣ ወተት መሰሉ ነው የሚፈለገው። ቀጥሎ የጠራ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይመጣል። እሱ ከብልቱ የሚወጣ ነው እንጂ ዘር የለበትም፣ ያቀጥነዋል። እሱ ሲጀምር ጽዋውን ማንሳት ነው።

ከባዱ ነገር ኩስ ነው። ወፍ ሽንቱም ኩሱም ዘሩም በአንድ በር ነው የሚወጣው። ነጩ የሽንት ዝቃጭ ትንሽ እንኳ ከገባ ዘሩ ለማቆየት አይሆንም፤ ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከምሽቱ ጀምሮ ምግብ አነሳለሁ፣ ውሃ ግን አልከለክልም። የቆሸሸውን እደፋለሁ። ያሳዝናል፣ ግን ይደፋል።

አውራዎቹ እኩል አይደሉም። አንዱ በሁለተኛው ሳምንት እጄን ለመደ። ትልቁ፣ ሽማግሌው፣ ቆይቶ ነው የሰጠው፣ ግን ሲሰጥ ጥሩ ሰጠ። አንደኛው እስካሁን እንቢ ብሏል፣ አላስገድደውም። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ልብስ ለብሰን፣ ያንኑ ሰው ሆነን ነው የምንቀርባቸው። ዝይ እንግዳ እጅ አይወድም።

የካቲት አጋማሽ፣ ማይክሮስኮፑ ሥር

መጠኑን ስነግራችሁ የላም ሰዎች ትገረማላችሁ። ኮርማ በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ ቢሊዮን ገደማ የዘር ህዋስ አለ። ጥሩ አውራ ዝይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ግማሽ ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም፣ ያውም የሳሳ ነው።

መልኩም ይለያል። የኮርማ ህዋስ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋና ሞላላ ነው። የወፍ ህዋስ ክር ነው፤ ጭንቅላቱ ቀጭን፣ ጭራው ረጅም። ይህ ቅርጽ በቅዝቃዜ ጊዜ ቶሎ ይጎዳል። በኤዮሲንና ኒግሮሲን ቀለም ቀብቼ ስመለከት የሞተው ሮዝ ይሆናል፣ በሕይወት ያለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከነጮቹ ውስጥ ደግሞ ጭንቅላቱ ያበጠ፣ አንገቱ የታጠፈ፣ ገና ሳይበስል የወጣ አለ። በዝይ ላይ ይሄ የተለመደ ነው፣ ከዶሮ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ የምቆጥረው ሁለቱንም በአንድ ላይ ያሟላውን ብቻ ነው፦ በሕይወት ያለና ቅርጹ የተስተካከለ። "ይንቀሳቀሳል" ብቻ ብሎ ማለፍ ዝይ ላይ አያዋጣም።

ሽማግሌው አውራ በዚህ ሚዛን ከሁሉም በልጧል። ታንክ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው የሱ ነው። ዕድሜው ስለገፋ እሱን ማስቀደም ግድ ነው።

የካቲት መጨረሻ፣ ማቅጠኛው

ማቅጠኛ ዘሩን አቅጥኖ የሚያቆየው ፈሳሽ ነው። ለኮርማ የምናውቀው የእንቁላል አስኳልና ትሪስ የሚባል ኬሚካል ያለበትን ነው። ለወፍ ሌላ ቀመር አለ። እኔ የመረጥኩት ቤልትስቪል የሚባለውን ነው። ስሙ ከመንደሩ የመጣ ነው፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ትልቁ የምርምር ማዕከል ያለበት ቤልትስቪል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ቅርብ ነው። እንጀራ የምንገዛበት ሰፈርና ይህ ፈሳሽ የተቀመመበት ቦታ ጎረቤታሞች ናቸው።

በአንድ ሊትር ውስጥ 8.67 ግራም ሶዲየም ግሉታሜት፣ 5 ግራም ፍሩክቶስ፣ ሌላው ፎስፌት፣ አሲቴት፣ ሲትሬትና ማግኒዥየም ነው፤ ፒኤች 7.5 ገደማ። ግሉታሜቱ ያው ወጥ ማጣፈጫ ሆኖ የሚሸጠው ቅመም ነው። ያለ ምክንያት አልገባም፤ በወፎች የዘር ፈሳሽ ውስጥ በተፈጥሮው በብዛት የሚገኝ ነገር ነው። እኔ ግን የሱቁን አልጠቀምም፣ የላቦራቶሪውን ነው የገዛሁት። የጨው መጠኑ ትንሽ ከተዛነፈ ጭራዎቹ ይጠቀለላሉ።

አንድ እጅ አባለዘር ለአንድ ወይም ሁለት እጅ ማቅጠኛ። የዝይን ከዚህ በላይ ማቅጠን አይቻልም፣ ከመጀመሪያውም ቀጭን ነው።

መጋቢት መጀመሪያ፣ ትኩሱ

እንቁላል መጣ። ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቀን አንዴ ይጥላሉ። የማዳቅላቸውን ሴቶች ከወንዶቹ ለይቼ ቀደም ብዬ ነው ያቆየሁት፣ ምክንያቱም ሴት ወፍ የወንድ ዘር በሰውነቷ ታስቀምጣለች። ማህፀኗና ብልቷ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉ፣ ዘሩ እዚያ ገብቶ ይጠብቃል። ተርኪ እስከ 10 ሳምንት ታቆያለች፣ ዶሮ 2 እና 3 ሳምንት። ዝይ ከዚህ በጣም ታንሳለች፣ ሳምንት አለፍ ቢል ነው። ስለዚህ ሴቶቹን መለየት የግድ ነው፣ አለበለዚያ የማን ጫጩት እንደሆነ አይታወቅም። በየሳምንቱ መልሶ ማዳቀልም ግድ ነው።

አሠራሩ እንደ ዶሮ አይደለም። ዶሮን ሆዷን ጫን ሲሏት ቀዳዳው ወደ ውጪ ይገለበጣል። ዝይ ላይ ጓንት ያደረገ ጣት ቀስ ብሎ ይገባል፣ በግራ በኩል ያለውን በር ይፈልጋል፣ ከዚያ ቀጭኑ ቱቦ ጣቱን ተከትሎ ይገባል። በዳክዬዎች የሴቷ መንገድ ከወንዱ ብልት በተቃራኒ የተጠማዘዘ ነው፣ አንዳንዱም መውጫ የሌለው ኪስ አለበት። ዝይ ላይ ቀለል ይላል። ቢሆንም ችኮላ አይወድም። ሆዷ ውስጥ ቅርፊቱ የጠነከረ እንቁላል ከተሰማኝ እተዋታለሁ፣ ከጣለች በኋላ እመለሳለሁ።

ለም እንቁላል በማግስቱ አይጠበቅም። ዛሬ የሚወጣው እንቁላል አስኳሉ ከላይ የተለቀቀው ቀደም ብሎ ነው። ሦስተኛውን ቀን ጠብቄ ነው መሰብሰብ የጀመርኩት። ትኩሱ በደንብ ይዟል። በመብራት ሳየው የደም ሥሮቹ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል።

መጋቢት አጋማሽ፣ የፍሪጁ

አሁን ማቆየት። ከ4 እስከ 5 ዲግሪ፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ። በድንገት ማቀዝቀዝ ህዋሱን ይገድላል፣ ስለዚህ ብልቃጡን ለብ ባለ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ ብርጭቆውን ነው ፍሪጅ የማስገባው። ጠባብና ጥልቅ ብልቃጥ አልጠቀምም፤ ሰፋ ያለ ዕቃ ላይ ስስ ሆኖ ሲተኛ አየር ያገኛል።

እስከ ከሰዓት ድረስ የቆየው ከትኩሱ ብዙም አልራቀም። ያደረው ግን ወርዷል። እንቅስቃሴው አለ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ስታዩት ተስፋ ይሰጣል፣ እንቁላሉ ላይ ግን አልታየም። ለዚህ ነው እንቁላሉን ራሱን መጠየቅ የሚያስፈልገው። ማፈልፈያ ማሽን ሳይገባ አንዱን ሰብሬ አስኳሉ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ አያለሁ፤ ያልተዳቀለው ድፍን ነጭ ነጥብ ነው፣ የተዳቀለው ቀለበት ይሠራል።

የፍሪጁ ዘዴ ቀላል ነገር አይመስላችሁ። በአንድ ከሰዓት መኪና ተነድቶ ፔንስልቬንያ ይደረሳል። እዚያ ፒልግሪም የሚያረባ ሰው አለ። ወፎቹን ራሳቸውን ማጓጓዝ በወፍ ጉንፋን ዘመን ትልቅ አደጋ ነው፣ ብልቃጥ ግን ከዚያ ይሻላል። ይሻላል ያልኩት ፍጹም ደህና አይደለም ለማለት ነው፤ ወፎቹ ካልተመረመሩ ብልቃጡም አይወጣም።

ስለ ፓተክሰንት

ይሄ ከሥራው ትንሽ ይወጣል፣ ግን ልጻፈው። ከቤልትስቪል ጎን ሎረል አለ፣ ሎረል አጠገብ ፓተክሰንት ይባል የነበረው የዱር እንስሳት ምርምር ማዕከል። ሁፒንግ ክሬን የሚባለው ረጅም እግር የዱር ወፍ በ1941 በዓለም ላይ ወደ 20 አካባቢ ወርዶ ነበር። ፓተክሰንት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለ50 ዓመት ያህል እነዚህን ወፎች አረባ፣ ከዘዴዎቹ አንዱም ይኸው የእጅ ማዳቀል ነበር። በአጥር ውስጥ ያደጉ ጥንዶች ብዙ ጊዜ ራሳቸው አይገናኙም፣ ሴቷ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ ግን ባዶ ነው። እዚያ የሠሩ ሰዎች ወፉን ይዘው፣ አሽተው፣ በሰዓቱ አዳቅለው ጫጩት አወጡ። ፕሮግራሙ በ2010ዎቹ መጨረሻ ተዘጋ፣ ወፎቹ ወደ ሌሎች ማዕከላት ተከፋፈሉ። ሀምሳ ዓመት በእጅ የተሠራ ሥራ ነው፣ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

የኛም አገር አንድ ዝይ አለው። ክንፉ ሰማያዊ የሆነው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የትም የሌለው። ገፈርሳ ግድብ ዳር፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ባሌ ሳነቴ ላይ ይታያል። ስለሱ ሳስብ ይህን ሥራ በቤት ዝይ ላይ መማር ይበልጥ ትርጉም ይሰጠኛል።

ሚያዝያ፣ ናይትሮጅኑ

ታንኩን ያገኘሁት አጠገባችን ካለ የወተት ላም አርቢ ነው፤ ጥግ ላይ ስትሮ የሚቀመጥበት አንድ ቆርቆሮ ለቀቀልኝ። ስትሮው ያው የላሙ 0.25 ሚሊ ሊትር ነው።

ዋናው ጥያቄ መከላከያው ነው፤ ህዋሱ ውስጥ በረዶ እንዳይሰራ የሚጨመረው። በላም ግሊሰሪን ነው፣ ማንም አይከራከርም። አገር ቤት ያስተማረኝን ጋሼን ደወልኩለት። "ልጄ፣ ግሊሰሪኑን ከቀነስክ ምን ቀረህ?" አለኝ። የወፉን ነገር ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና "እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ" አለ።

ከመጀመሪያው ይሄ ነው። ግሊሰሪን ዘርን ከቅዝቃዜ እንደሚያድን የታወቀው በላም ሳይሆን በአውራ ዶሮ ነው። በ1949 ለንደን ውስጥ ፖልጅ፣ ስሚዝና ፓርክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ስኳር ነው ያሉትን ጠርሙስ ተጠቅመው ዘሩ ከቅዝቃዜ ተረፈላቸው፤ ጠርሙሱ ሲመረመር የያዘው ግሊሰሪንና አልቡሚን ነበር። ላሙም ሰውም ከዚያ ተጠቀመ። ግን ያው ግሊሰሪን ሴቷ ወፍ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ እንዳይዳቀል ይከለክላል። ህዋሱ በሕይወት አለ፣ ይዋኛል፣ እንቁላሉ ግን ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ግሊሰሪን ከተጠቀሙ ከማዳቀል በፊት ደረጃ በደረጃ አጥቦ ማውጣት ግድ ነው፣ በማጠቡ ደግሞ ብዙ ህዋስ ይሞታል። የዝይ አባለዘር ያን ያህል ትርፍ የለውም።

ጋሼ "በል ሌላ ፈልግ" አለኝ። ሌላው አለ። ፖላንድ ቭሮትስዋፍ ያሉ ተመራማሪዎች በአውራ ዝይ አባለዘር ላይ ለዓመታት ሠርተዋል፣ የሚጠቀሙትም ዳይሜቲልፎርማማይድ ነው፣ 6 በመቶ ገደማ። ሳይታጠብ በቀጥታ ይዳቀላል። እኔም እሱን ይዤ ነው የሄድኩት። ነገሩ ለሰው መርዝ ነው፣ በጓንትና አየር ባለበት ቦታ ብቻ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ልትቀርበው አይገባም።

አካሄዱ፦ አባለዘሩ ከማቅጠኛ ጋር 5 ዲግሪ ላይ ይረጋጋል፣ መከላከያው እዚያው ብርድ ላይ ይጨመራል፣ ወዲያው ስትሮ ይሞላል። ስታይሮፎም ሳጥን ውስጥ ናይትሮጅን አፍስሼ ስትሮዎቹን ከፈሳሹ በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንፋሎቱ ላይ አስተኛለሁ። ከዚያ ወደ ፈሳሹ፣ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች። በር ከፍቶ መሥራት ነው፤ አንድ ሊትር ናይትሮጅን 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፣ ኦክስጅኑን አስወጥቶ ሰው ሳያውቀው ይጥላል።

ሲቀልጥ በሕይወት ያለው ከገባው ከግማሽ ብዙ ያንሳል። ስለዚህ ለአንድ ሴት የምሰጠው ከትኩሱ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው፣ የማዳቀሉንም ልዩነት አጥብቤዋለሁ።

ግንቦት

ከናይትሮጅኑ ጫጩት ወጣ! የሽማግሌው ልጆች ናቸው። ከትኩሱ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ናቸው፣ ግን ጤነኞች፣ ከእናቶቻቸው ኋላ ሣር እየነጩ ነው። ቢጫ ለበስ ወንዶች፣ ግራጫ ሴቶች፣ ከመጀመሪያው ቀን ተለይተው።

እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ ልብ በሉልኝ ያልኩት የሚመጣው። በወፍ ፆታን የምትወስነው እናት ናት። ፆታን የሚወስኑት ክሮሞሶሞች ዜድና ደብልዩ ይባላሉ፤ ወንዱ ሁለት ዜድ ነው ያለው፣ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ። ስለዚህ ታንኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ዜድ ነው። ደብልዩ የለም። ከእናት ብቻ የሚወረሰው ማይቶኮንድሪያም (የህዋሱ ኃይል ማመንጫ) የለም። የወፍ እንቁላል ደግሞ አስኳሉ ትልቅ ስለሆነ እንደ ዘር ፈሳሽ አቀዝቅዞ ማቆየት አይቻልም።

ይሄ ማለት ምን ማለት ነው፣ ሴቶቹ በሙሉ ቢያልቁብኝና ታንኩ ቢተርፍ፣ ከሌላ ዘር ሴት ጋር ነው የማዳቅለው። የመጀመሪያው ትውልድ ግማሽ ፒልግሪም፣ ሁለተኛው 75 በመቶ፣ ሦስተኛው 87.5፣ አምስተኛው 97 ገደማ። ዝይ በደንብ የምትደርሰው በሁለተኛ ዓመቷ ነው። ስለዚህ አሥር ዓመት። በአሥር ዓመቱም መጨረሻ የእናቲቱ መስመር የሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ላይ የመንግሥት የእንስሳት ዘር ማከማቻ አለ፣ በጣም ጠቃሚ ነው፣ ግን ይህን የተፈጥሮ ነገር እሱም አያልፈውም። በዶሮ ላይ የእንቁልጢ ቁራጭና የፅንስ የዘር ህዋሳትን የማቆየት ምርምር ተጀምሯል፤ ለማሳችን ገና ሩቅ ነው።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት ውሳኔ ግልጽ ነው። የወንዱን ታንክ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ሴቶቹን ግን በተለያየ ግቢ እበትናቸዋለሁ። ታንኩን አይቶ "ዘሩ ተረፈ" የሚል አርቢ ካለ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ሴቶቹን ቁጠር።

ሰኔ

አውራዎቹ ደርቀዋል። ቀኑ ሲረዝም ዘሩ ይቆማል፣ ላባ መቀየርም ጀምረዋል። ከእንግዲህ ማሸት ማሰቃየት ብቻ ነው፣ ትቼዋለሁ።

የሁለት የተለያዩ ሴቶች መስመር የሆኑ ግራጫ ጫጩቶች መስከረም ላይ፣ ምርመራቸው ንጹህ ከሆነ፣ ወደ ፔንስልቬንያ ይሄዳሉ። በምላሹ ከዚያ የሌላ እናት ልጆች ይመጣሉ፣ ለአንድ ወር ለብቻ ጓሮ ይቆያሉ። እንቢ ያለው አውራ ከጥንዱ ጋር ይቀራል፣ በተፈጥሮው ይርባ።

ለሚቀጥለው ወቅት አንድ ነገር ይዣለሁ፦ ስትሮውን ማቅለጥ። አንዳንዶች በጣም ሞቃት ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሴኮንድ ያደርጉታል፣ ሌሎች በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ አድርገው። ከአንድ አውራ፣ ከአንድ ቀን የተሞሉ ስትሮዎችን ለሁለት ከፍዬ አስቀምጫለሁ፣ በቀለም ምልክት አድርጌ። ታንኩን በየሳምንቱ በእንጨት ዘንግ እለካለሁ፣ ናይትሮጅኑ ከግማሽ በታች ሳይወርድ ይሞላል።